የግቢው የባህል ቀን ይቅር ወይስ ይቀጥል?

የጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላንሳና ከፈለጋችሁ ተሳደቡ። እዚህ ደሴ የምማርበት ግቢ የባህል ቀን ደረሰ ተብሎ ሰው ሁሉ ሽር ጉድ ላይ ነው። ድንኳን፣ ሳውንድ ሲስተም፣ ባነር፣ የኪራይ የባህል ልብስ። እኔ በዚህ ጉዳይ ይቅር ባይ ነኝ። ይቅርታውን አይደለም፣ ይቅርብን የሚለውን ነው።

አምና ዶርሜ ውስጥ ከጋምቤላ የመጣ ልጅ ነበር። አዘጋጆቹ መጥተው "ብሔረሰብህን ወክለህ መድረክ ትወጣለህ" አሉት። እሺ አለ፣ እምቢ ማለት የማያውቅ ልጅ ነው። ከዚያ ዛጎልና ቆዳ ይዘውለት መጡ። ልጁ ያደገው ከተማ ነው፣ ልብሱ ጂንስና የአርሰናል ማሊያ ነው። እንዴት እንደሚታሰር ግራ ሲገባው እናቱ ጋ ደወለ። በቋንቋቸው ብዙ አወሩና ስልኩን ዘግቶ ሳቀ። "እሷም አታውቀውም" አለኝ። በዚያ የኅዳር ብርድ ደረቱን ገልጦ ጨፈረ፣ ስልክ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ፣ ተጨበጨበለት። በማግስቱ ካፌ ትሪውን ይዞ ሲቀመጥ ከእኔ በቀር አጠገቡ የመጣ ሰው የለም። ትናንት አብረውት ፎቶ የተነሱት ሁሉ ፊት ለፊቱ ነበሩ እኮ። ታዲያ ምኑ ነው የባህል ቀን?

ሲዳማዋ በደሴ፦
ወንድሜ፣ ስለ ልጁ ያልከው አሳዝኖኛል። ግን "ይቅር" ላይ አልስማማም። እኔ ከሐዋሳ ነኝ። ምደባው ወጥቶ ደሴ ሲለኝ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ "አብሽሪ" ሲለኝ ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር፣ ቆይቼ ነው አይዞሽ መሆኑን የሰማሁት። ሁለት ወር ሙሉ ከክላስ ዶርም፣ ከዶርም ክላስ። ከዚያ ለባህል ቀን ልምምድ ጠሩን። ማታ ማታ ከ11 ሰዓት ጀምሮ፣ ሁለት ሳምንት። እኔ የዘመን መለወጫችንን የፍቼ ጨምበላላን ጭፈራ አሳየሁ፣ አንዷ የወረኢሉ ልጅ ደግሞ እስክስታ ልታስተምረኝ ትከሻዬን ይዛ ስትነቀንቀኝ ሳቅ በሳቅ ሆንን። ለገና ቤቷ ወሰደችኝ። አሁን እናቷ ለእኔም ነው የምትደውለው። መድረኩ ላይ የቆየነው ሰባት ደቂቃ ነው፣ እሱን ብትሰርዘው ግድ የለኝም። ሁለት ሳምንቱን ግን ከየት ታመጣልኛለህ?

አራዳ ልጅ፦
በቃ ልምምዱ ይቀጥልና ዝግጅቱ ይቅር 😂 ብሩን ለካፌው ወጥ ያድርጉልን። ምስሩን ለማግኘት ጠላቂ ዋናተኛ መቅጠር ጀምረናል።

የኮምቦልቻው ሙሐመድ፦
እኔ ቁልቁል ኮምቦልቻ ነኝ፣ ቢያንስ የእናንተ ብርድ የለብንም። ዝግጅቱ ኖረ ቀረ ለውጥ የለውም ባይ ነኝ። ወሳኙ ዶርም ነው። የእኛ ምደባ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለሆነ ስድስት ሰው ካለበት ዶርም አራታችን ሙሐመድ ነን። ፕሮክተሩ ስም ሲጠራ አራት "አቤት" ነው የሚሰማው። ግን አንዱ የጅማ፣ አንዱ የአሳይታ፣ አንዱ የከሚሴ ልጅ ነው፣ እኔ ደግሞ የወረባቦ። ማንም ሳያስብበት በፊደል ብቻ ምርጥ ድብልቅ ወጣ። ችግሩ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ነው። ሰው አልጋ ይቀያየርና በየአገሩ ልጅ ይሰበሰባል። ይሄ የአልጋ ቅይይር መከልከል አለበት። አለቀ።

ፍሬሽ ነኝ፦
መከልከል ስትል በጣም ቀላል አድርገኸዋል። ሰው ቋንቋውን ሲናፍቅ ወንጀል ነው? ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ በአማርኛ ተጋፍቼ፣ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ በኦሮምኛ ብቀልድ ምን አጠፋሁ? ደግሞ ረስታችሁት ካልሆነ በ2012 ግቢዎች ሲታመሱ፣ ወልድያ ተማሪ ሲሞት፣ ስንቱ ነው ትምህርቱን ጥሎ አገሩ የገባው። የእኔ ታላቅ ወንድም አንዱ ነው። ሌላ ክልል ነበር የሚማረው፣ ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ነው የመጣው። እኔን ሲሸኘኝ የመከረኝ አንድ ነገር ነው፣ "የአገርህን ልጆች ስልክ ያዝ" ብሎኛል። እናንተ ዘረኝነት የምትሉት አንዳንዴ ፍርሃት ነው።

የኮምቦልቻው ሙሐመድ፦
ወንድሜ አፉ በለኝ። ስለ ወንድምህ አላወቅሁም። ቢሆንም እሱ ፍርሃት የሚለቀው በምንድን ነው? የከሚሴው ልጅ ወባ ሲይዘው ሌሊት ክሊኒክ ያደረሰው የአሳይታው ነው፣ ያውም በጀርባው አዝሎ። በየአገራችን ተበታትነን ብንተኛ ኖሮ ማን እንዳመመው እንኳ አንሰማም ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ እኔም ጣልቃ ልግባ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው። ቀኑ፣ ማለትም የእናንተ የባህል ቀን የሚያያዝበት፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ተብሎ መከበር የጀመረው ደግሞ በ1999 ነው። እኛ ስንማር እንዲህ ያለ በዓል አልነበረም። እናንተ እንደተፈጥሮ ሕግ አታድርጉት፣ ሰው የጀመረው ነገር ነው፣ ሰው ሊያሻሽለውም ይችላል።

ሌላው፣ "ወሎ እኮ ተቻችሎ ነው የኖረው" ብላችሁ የምትመጻደቁት ነገር ያናድደኛል። በ1870 አፄ ዮሐንስ የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ሲጠሩ የወሎ ሙስሊም ወይ ተጠመቅ ወይ አገር ልቀቅ ተብሏል። ኢማም መሐመድ አሊ የነበሩት ናቸው ክርስትና ተነስተው ሚካኤል የተባሉት፣ ኋላ ንጉሥ የሆኑት፣ የልጅ ኢያሱ አባት። እኚሁ ሰው ናቸው እዚህ ደሴ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት። ሰው ሳይመረጥ ግብር የሚበላበት ስለነበር ነው አይጠየፍ የተባለው ይባላል። እንግዲህ አስቡት። መዋደዱ ከሰማይ አልወረደም፣ ተሠርቶ ነው የመጣው። ሠርጋችንን እዩት። ለክርስቲያኑ ለብቻ፣ ለሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል፣ ዳሱ ግን አንድ ነው። ማንም ሌላውን "የእኔን ብላ" አይለውም። ዘመድ ሁሉ የማን ድስት የቱ እንደሆነ ያውቃል። ይህን ያህል የሚጨነቅ አዘጋጅ በግቢያችሁ አለ ወይ?

ሲዳማዋ በደሴ፦
መምህር እግዜር ይስጥልን። የለም እኮ! አምና የምግብ ዐውደ ርዕይ ብለው ዓርብ ቀን አደረጉት። ክትፎ፣ ቅቤ፣ አይብ ተደርድሮ ግማሹ ተማሪ ጾመኛ። ሥጋው ማን እንደባረከው ደግሞ የሚነግር የለም፣ ስለዚህ ሙስሊሞቹም አልነኩትም። የበሉት እንግዶቹ ናቸው።

አራዳ ልጅ፦
እኔም በልቻለሁ፣ ፍርዱን ለፈጣሪ ትቼ።

የባቲ ሰኞ፦
እኔ የባቲ ልጅ ነኝ። በየሰኞው አፋሩ ግመሉን ነድቶ፣ ኦሮሞው ፍየሉን፣ አማራው እህሉን ይዞ ይወርዳል። "ዛሬ የመከባበር ቀን ነው" ብሎ ማይክ የሚይዝ የለም። ግመል ሻጩ እህል ስለሚያስፈልገው ይነጋገራል። ቋንቋም የሚለምደው በዚያው ነው፣ አባቴ ሦስቱንም ይከራከርባቸዋል። ግቢ ውስጥ እኮ አንዱ ሌላውን አይፈልገውም፣ ችግሩ እሱ ነው። ግሩፕ አሳይመንት እንኳ ሲሰጥ "ራሳችሁ ተመዳደቡ" ይባላል፣ ያው በአገር ልጅ ይመዳደባል። መምህሩ ራሱ ቢመድበን ከአሥር የባህል ቀን ይበልጣል።

ፍሬሽ ነኝ፦
ግሩፑ ላይ እስማማለሁ። አልጋዬን ግን ተዉልኝ።

የጦሳ ሥር፦
እሺ፣ ተመልሻለሁ። ክርክሩ ሲሞቅ ለዚያ ልጅ ደወልኩለት፣ አሁን ተመርቆ አገሩ ገብቷል። የጻፍኩትን አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ማን ስለ እኔ ጻፍ አለህ?" አለኝ። ደነገጥኩ። "ደስ ብሎኝ ነው የጨፈርኩት፣ አንተ ነህ የተሳቀቅኸው። የጠላሁት ብርዱን ነው። ልብሱንም ቢጠይቁኝ ሌላ እመርጥ ነበር፣ አልጠየቁኝም።" ስለ ካፌው ስጠይቀው ትንሽ ዘገየ። "እሱ እውነት ነው" አለኝ።

ስለዚህ ግማሹን ስቻለሁ። ይቅር ያልኩትን አንስቻለሁ። ነገር ግን የኪራይ ልብሱ ይቅር፣ ማን ምን ለብሶ እንደሚወጣ ራሱ ይወስን፣ በጂንስም ቢሆን። ምግቡ ደግሞ በጾም ቀን አይሁን፣ ለሥጋውም ሁለት ጠረጴዛ ይዘጋጅ። ነገ ለተማሪዎች ኅብረት በጽሑፍ አስገባለሁ፣ የሚፈርም በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

የኮምቦልቻው ሙሐመድ፦
አራቱም ሙሐመዶች እንፈርማለን። አጭበርብራችኋል እንዳትሉን ብቻ።

ጡረተኛው መምህር፦
ጽሑፉን ከማስገባትህ በፊት አሳየኝ ልጄ። ፊደል ትገድፋለህ።

ሲዳማዋ በደሴ፦
እኔም አለሁበት። ዘንድሮ የአገሬን ምግብ ቡርሳሜን ልሠራ ነው፣ ግን ቆጮ ደሴ ውስጥ የት ይሸጣል? ፒያሳ ዞሬ አጣሁ።

አራዳ ልጅ፦
ክትፎ ቤቶቹን ጠይቂ፣ እነሱ የሚያስመጡበት አላቸው። ዓርብ እንዳይሆን ብቻ፣ ዘንድሮ ንስሐ ገብቻለሁ።