የዩሪያ ዑደት ችግር ላለባቸው ልጆቻችን፦ የመድኃኒት ጥያቄው ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ፒያሳ ስንገናኝ ረቂቁ ማለቅ አለበት። መግቢያው ይኸውላችሁ። «የልጆቻችን ጉበት ከፕሮቲን የሚመጣውን አሞኒያ በሽንት ወደሚወጣው ዩሪያ መቀየር ያቅተዋል። አሞኒያው ደም ውስጥ ሲጠራቀም አንጎል ይጎዳል። በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ይግባልን።» ምን ይጨመር?

የፋርማሲ ባለሙያው፦ «መድኃኒት ይግባልን» ብቻ ብለን አንለፈው፣ ስሙን እንጥራ። ዱቄቱ ሶዲየም ፊኒልቡቲሬት አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ሰውነት ውስጥ ተቀይሮ፣ አሞኒያ የሚሠራበትን ናይትሮጅን ከሚሸከመው ግሉታሚን ጋር ይጣበቅና በሽንት ይወጣል። ናይትሮጅኑን በሌላ በር ያስወጣዋል በሉት። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ግሊሰሮል ፊኒልቡቲሬት ፈሳሽ ነው፤ ሶዲየም የለውም። ዋጋው ግን አይቀመስም። እኔ ዱቄቱን እንጠይቅ ባይ ነኝ።

የአንድ ልጅ እናት፦ ጋሼ፣ የማይቀመሰውስ ዱቄቱ ነው! ዘመድ ከውጭ ልኮልን ገንፎ ውስጥ ደብቄ ሰጠሁት። አንዴ ቀመሰና አፉን ግጥም። ከዚያ ወዲህ ገንፎ ሲያይ ያለቅሳል። ማንኪያውን በሎሚ ባጥበው እንኳ ሽታው አልለቅ አለኝ። ፈሳሹም ይጠየቅ።

የፋርማሲ ባለሙያው፦ እውነትሽን ነው እህቴ፣ እኔ ቀምሼው አላውቅም። የዚሁ መድኃኒት ክኒንም ቢሆን ቀላል አይደለም። አንዱ 500 ሚሊ ግራም ነው፤ የቀኑ ጣሪያ 20 ግራም ስለሆነ 40 ክኒን ድረስ ይሄዳል። ሁለቱም ይጻፉ፤ ፈሳሹ ዱቄቱን እምቢ ላሉ ልጆች።

ጸሐፊ፦ ካርግሉሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒትም ይጠየቅ የሚል ሰው ነበር።

የፋርማሲ ባለሙያው፦ እሱ በዋናነት ኤንኤጂኤስ የሚባለው ኢንዛይም ለጎደላቸው ነው። ለሁሉም ብለን ከጻፍን እንታረማለን።

ሲስተር፦ ይቅርታ፣ ተረኛ ሆኜ ዘገየሁ። የአሞኒያ ምርመራው የት ገባ? ሳይለካ የመድኃኒቱን መጠን ማስተካከል በጭፍን መሄድ ነው። የደሙ ናሙና በበረዶ ተይዞ ቶሎ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። በትራፊክ ሰዓት ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው በታክሲ ይዞ መሮጥ አያዋጣም፤ የቆየ ናሙና ውጤቱን ከፍ አድርጎ ያሳስታል። ምርመራው እዚያው ሕክምና ቦታው ይሁን በሉ።

ደግሞ አንድ ገጽ የድንገተኛ ካርድ ይያያዝ። ልጁ ታሞ ምግብ ሲተው ሰውነቱ የራሱን ፕሮቲን ስለሚያፈርስ አሞኒያው ይጨምራል። ሲያንቀጠቅጠው ደግሞ ቫልፕሮኤት የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከተሰጠው ይብስበታል። ተረኛው ሐኪም ይህን ከካርዱ ላይ ማንበብ አለበት።

የአንድ ልጅ እናት፦ ካርዱን በአማርኛም ጻፉት፤ ልጁን ይዛ የምትሮጠው አያቱ ናት።

ጸሐፊ፦ ገባ። ሲስተር ካርዱን፣ ጋሼ የመድኃኒቱን ክፍል እስከ ሐሙስ ይላኩልኝ። የገንፎውን ነገር እናትየው ራሷ ትጻፈው፣ እኔ አልነካውም።