ወንድሜ ባንክራፕሲ (መክፈል አልቻልኩም ብሎ ዕዳን በፍርድ ቤት ማሰረዝ) ልገባ ነው እያለ ነው፣ እንዴት ላግዘው?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሰላም ናችሁ። ታናሽ ወንድሜ ትራክ በብድር ገዝቶ ሞተሩ ዓመት ሳይሞላው ተበላሸበት፣ ከዛ ኪራዩንም አስቤዛውንም በክሬዲት ካርድ ሲገፋ ከርሞ አሁን የካርዱ ዕዳ ብቻ 42 ሺህ ዶላር ገብቷል። እኛ አልሰማንም፣ እሁድ ቤቱ ሄጄ ድስት ልፈልግ ኦቨኑን ስከፍት ያልተከፈተ ፖስታ ታጭቆበታል። ስልኩ ሲጠራ አያየውም፣ ገልብጦ ያስቀምጠዋል። አሁን "ባንክራፕሲ ልገባ ነው፣ መጀመሪያ ግን ያንቺን 6 ሺህ ልመልስ፣ መኪናዋንም በስምሽ ላዙራት" ይላል፣ እኔ ደሞ 401ኬዬን (የጡረታ ቁጠባዬን) አውጥቼ ልክፈልለት ወይ እያልኩ ነው። የምታውቁ በናታችሁ።

ጋሼ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ልጄ፣ ባንክራፕሲ ክሬዲቱ ላይ 10 ዓመት ይቀመጣል፣ ስሙን ያበላሽበታል። ዘመድ ሰብስቡና ዕቁብ ግቡ፣ የመጀመሪያውን ዕጣ ለሱ ስጡት።

ወጣሁ ተመስገን፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ 42 ሺህ በዕቁብ አይገፋም፣ ወለዱ ዕጣውን ይበላዋል። እኔ በ2019 ቻፕተር 7 (ዕዳው የሚሰረዝበት የባንክራፕሲ ዓይነት) ገብቼ ወጥቻለሁ። እህቴ ያን 6 ሺህ እንዳትቀበዪው! ለዘመድ በአንድ ዓመት ውስጥ የተከፈለ ብር ትረስቲው (ኬዙን እንዲይዝ የሚመደበው ሰው) መጥቶ ካንቺ ሊያስመልሰው ይችላል፣ ለካርድ ካምፓኒ ከሆነ ግን 90 ቀን ነው ወደኋላ የሚያየው። መኪናዋማ ጭራሽ፣ ንብረት ማሸሽ ነው የሚሉት፣ ዕዳው ሳይሰረዝለት ሊቀር ይችላል። 401ኬሽንም ተይው። ማገዝ ከፈለግሽ የጠበቃውን ክፈዪለት፣ ፋይል ማድረጊያው 338 ዶላር ነው የጠበቃው ለብቻ ነው፣ ከዛ በፊት የክሬዲት ካውንስሊንግ ኮርስ አለ ኦንላይን ያልቃል። ፋይል ካደረገ በኋላ እየደወሉ መጨቅጨቁ ይቆማል፣ በህግ አይፈቀድላቸውም። እኔ ትረስቲው ፊት የምቀርብ ቀን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ሸሚዝ ተኩሼ ሄድኩ፣ 6 ደቂቃ አልፈጀም!
ብቻ ምንም እንዳይደብቅ፣ አዲስ አበባ በስሙ ኮንዶሚኒየም ካለ ይጻፍ፣ ዕቁብ ካለው ይጻፍ፣ ከበላ የቀረው ዕዳ ነው ካልበላ ደሞ ንብረት ነው። ጠበቃዬን ዕቁብ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል ሃሃ

ታክስ ሠሪው፦
ወጣሁ ተመስገን ያለችው ልክ ነው። ገቢው ከፍ ካለ ግን 7 ላያልፍ ይችላል፣ ያኔ ቻፕተር 13 ነው፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት በየወሩ መክፈል ማለት ነው። የቆየ የአይአርኤስ (የታክስ) ዕዳ አንዳንዱ ይሰረዛል፣ የቅርቡ ግን አይሰረዝም፣ የልጅ ማሳደጊያም ያው ነው። ደሞ ትራኩ ላይ ኮሳይን ያደረገለት (ዋስ ሆኖ አብሮት የፈረመ) ሰው አለ? ቻፕተር 7 እሱን እንጂ ኮሳይነሩን ነጻ አያወጣም፣ ዞረው ወደዛ ሰው ነው የሚመጡት።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ወይኔ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ታክስ ሠሪው፦
እንግዲያው ጠበቃው ጋ ብቻውን እንዳትልኪው፣ አብረሽው ግቢ። የመጀመሪያውን ቀጠሮ በነጻ የሚያዩ ብዙ አሉ። የትራኩን ወረቀት ያዢ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
እሺ። ማታ ሄጄ ፖስታውን አብረን እንከፍታለን፣ ኦቨኑንም እፈልገዋለሁ ዳቦ ልደፋ ነበር።