የጌሚንግ ላፕቶፕ ዋት በግዴታ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ?

ክርክሩን የከፈተው፦ ጌሚንግ ላፕቶፕ የሚያመርት ሁሉ የጌሙን ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ በስንት ዋት እንደሚሠራ ካርቶኑ ላይ እንዲጽፍ በሕግ ይገደድ? እኔ ይገደድ ባይ ነኝ። አርቲኤክስ 4060 የሚባለውን የላፕቶፕ ካርድ እንይ። ካርዱን የሚያወጣው ኤንቪዲያ ራሱ ያስቀመጠለት የኃይል መጠን ከ35 እስከ 115 ዋት ነው። ስሙ አንድ፣ ስቲከሩም አንድ። ኃይሉ ግን ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ከሦስት እጥፍ በላይ ሊለያይ ይችላል። ገዢው ይህን በምን ይወቅ?

ቀጭን ላፕቶፕ ወዳዱ፦ አልስማማም ወንድሜ። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬም (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) በእጥፍ አይጨምርም። ከሆነ ደረጃ በኋላ የሚጨምረው ሙቀትና የፋን ጩኸት ነው። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ካየ ሰው ሁሉ ትልቁን ይመርጣል። አምራቾችም በቁጥር ይፎካከራሉ፤ ከዚያ ሁላችንም ጡብ ተሸክመን እንዞራለን። እኔ ላፕቶፔን ቀኑን ሙሉ ትከሻዬ ላይ ነው የምይዘው። ቀጭንነት ለእኔ ጌጥ አይደለም።

ተማሪዋ፦ ማንም ቀጭን አትግዛ አላለህም እኮ! የምትገዛውን አውቀህ ግዛ ነው የተባለው። እንዲያውም ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 4090 16384 ኩዳ ኮር (የካርዱ ትንንሽ ማስሊያ ክፍሎች) እና 24 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። የላፕቶፑ 4090 ደግሞ 9728 ኮርና 16 ጊጋባይት። ይህን ያህል ተራርቀው በአንድ ስም ይጠራሉ። የዴስክቶፑን ግምገማ አይቶ ላፕቶፑን የሚገዛ ሰው ምን ያህል እንደሚያዝን አስቡት።

ክርክሩን የከፈተው፦ ልክ ነሽ። ድሮ ቢያንስ አንድ ምልክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 «ማክስ ኪው» የሚባል ስያሜ መጣ። ካርዱ ስም ላይ ካየኸው ዋቱ የተቀነሰ መሆኑን ታውቃለህ። በ2021 አርቲኤክስ 30 የሚባሉት የላፕቶፕ ካርዶች ሲወጡ ትርጉሙ ተቀየረና ያ ምልክት ጠፋ። በዚያው ዓመት ኤንቪዲያ አምራቾች ዋቱን ድረ ገጻቸው ላይ እንዲጽፉ ጠየቀ። ግን ድረ ገጽ ላይ ያለ ነገር ሱቅ ውስጥ ለቆመ ገዢ ምን ይጠቅማል?

ላፕቶፕ ጠጋኙ፦ እኔ በየቀኑ እነዚህን ማሽኖች ስለምፈታ ሌላ ነገር ልጨምር። የተጻፈው ዋትና ላፕቶፑ በትክክል የሚዘልቅበት ዋት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሁሉም አንበሳ ነው። ከዚያ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጌሙ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ያኔ ነው። ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ ሙቀት ተሸካሚው መዳብ ትንሽ ነው፤ ፋኑም ትንሽ ስለሆነ አብዝቶ መሽከርከር አለበት። ያ የሚያፏጭ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። አየር የሚገባው ከታች ከሆነ ደግሞ አልጋ ላይ ስታስቀምጡት ትንፋሹን ታፍኑታላችሁ። ስለዚህ ዋቱ ይጻፍ፤ ከግማሽ ሰዓት ጨዋታ በኋላ የሚለካው ማለቴ ነው። የድምፁ መጠንም አብሮት ይጻፍ። እኔ ጋ የሚመጣው ደንበኛ ብዙ ጊዜ «ተበላሽቷል» ብሎ ነው የሚያመጣው። ከፍቼ ሳየው አልተበላሸም። ከፋብሪካ ሲወጣም እንደዚያው ነበር። ይህን ለሰው መንገር ከባድ ነው።

ቀጭን ላፕቶፕ ወዳዱ፦ ይሄኛው ገብቶኛል። ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ የሚለካ ከሆነ እኔም እደግፋለሁ። ግን ማን ይለካው? አምራቹ ራሱ ከሆነ ክፍሉን አቀዝቅዞ ይለካል። ሕግ እስኪወጣ ደግሞ ካርዱ አርጅቶ አዲስ ትውልድ ይመጣል። ባትሪውንስ? ብዙ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚቀበሉት እስከ 100 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን) ነው፤ ትልልቆቹ ላፕቶፖች 99 ላይ የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ያን ባትሪ በ150 ዋት ብትጎትተው 40 ደቂቃ አይሞላም። ለዚህ ነው ከቻርጀር ሲነቀል ሁሉም ኃይሉን የሚቀንሰው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ሲሰካ ነው ሲነቀል?

ተማሪዋ፦ ሁለቱም ይጻፉ። ሁለት ቁጥር ካርቶን አይሞላም።

ላፕቶፕ ጠጋኙ፦ የሚለካው ገለልተኛ ላብራቶሪ ቢሆን እመርጣለሁ። እስከዚያው ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከባድ ጌም አስከፍቱ። ቻርጀሩ ተሰክቶ 30 ደቂቃ ይሂድ። ዋቱንና ፍሬሙን ስክሪኑ ላይ የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ እሱን እያያችሁ ጠብቁ። ኪቦርዱን መሃል ላይ በጣታችሁ ንኩት። ሻጩ «አይቻልም» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።