ቾክ ፔይንት ወይስ አናጢ ቤት? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አሮጌ ዕቃ ለማደስ ላሰባችሁ

የኮመዲኖዬን ፎቶ ያያችሁ ሰዎች «ቀለሙ ምንድነው? የት ይገኛል? ለእኔ ቡፌስ ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ ልጻፈው።

አጭር መልስ ለምትፈልጉ፦ ለኮመዲኖ፣ ለመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ለመስታወት ፍሬም፣ ለልጆች ቁም ሳጥን ቾክ ፔይንት በጣም ጥሩ ነው። ራሳችሁ ቤት ውስጥ መቀባት ትችላላችሁ። የምግብ ጠረጴዛና ቡና የሚቀርብበት ጠረጴዛ ግን አናጢ ቤት ይሂድ። የዋንዛ ዕቃ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ቀለም አትቀቡት። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ቾክ ፔይንትን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ያወጣችው አኒ ስሎን የምትባል እንግሊዛዊት ናት። አሁን ተመሳሳዩን የሚሠሩ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው። በውሃ የሚቀጥን፣ ወፈር ያለ፣ ሲደርቅ የማያብረቀርቅ ቀለም ነው። ሰው የወደደው አሮጌውን ቫርኒሽ ሙልጭ አድርጎ መፋቅ ሳያስፈልግ ስለሚይዝ ነው። ሽታው ቀላል ነው። ብሩሹም በውሃና በሳሙና ይታጠባል። የትምህርት ቤት ሰሌዳ ከሚቀባበት ቀለም ጋር ግን አታምታቱት፤ ያ ሌላ ዕቃ ነው።

እኔ በጠየቅኩባቸው የደሴ ፒያሳና የሸዋ በር ቀለም ቤቶች በዚህ ስም አላገኘሁትም። የሞከርኩት ዱባይ ያለች ዘመዴ ያመጣችልኝን ነው። ዱባይ ወይም ጅዳ ሰው ያለው ደግሞ ወሎ ውስጥ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሊመጣላችሁ ይችላል። ብዙ አታስመጡ። አንድ ሊትር ወደ 13 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ለአንድ ኮመዲኖ ሁለት ጊዜ ለመቀባት ሩብ ሊትር ይበቃል።

የሚያመጣላችሁ ሰው ከሌለስ? እዚሁ መሥራት ይቻላል፤ እኔም ከዚህ በኋላ በብዛት የምጠቀመው የቤቱን ነው። ማንኛውም ቀለም ቤት ያለ ፕላስቲክ ቀለም፣ ካዲስኮም ሆነ ንፋስ ስልክ ወይም ድል፣ እና ጀሶ ነው የሚያስፈልገው። ለአንድ ኩባያ ቀለም ሲሶ ኩባያ ጀሶና ሲሶ ኩባያ ውሃ። ጀሶውን በሻይ ማጥለያ ንፉት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፤ መጓጎሉ ከጠፋ በኋላ ቀለሙ ላይ ጨምሩት። ውሃው ሞቅ ካለ ጀሶው ቶሎ ይጠጥራል። ለዚህም ነው ለአንድ ጊዜ የሚበቃችሁን ብቻ መበጥበጥ ያለባችሁ። ለነገ ይደር ቢባል ድንጋይ ሆኖ ነው የሚገኘው። በጀሶ ፋንታ ኖራ ልጨምር ያላችሁኝ አላችሁ። አይሆንም፤ ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

ሁለቱን ሳወዳድር፦ የውጭው ሲቀባ ይለሰልሳል፣ ቀለሙም አንድ ወጥ ነው። የቤቱ ትንሽ ይሻክራል፤ ግን ደርቆ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ካደረጋችሁት ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው የለም። ቫርኒሽ ያለው እንጨት ላይ ሁለቱም ይዘዋል። ፎርማይካ ላይ ግን የቤቱን አላምነውም። በጥፍር ሲጫሩት ይነሳል። ፎርማይካና የሚያብረቀርቅ ቺፕውድ ያላቸው ዕቃዎች መጀመሪያ የሚይዝ ፕራይመር ካልተቀቡ በቀር እንዳትደክሙ።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። «ሳይፋቅ ይቀባል» የሚለው ማስታወቂያ እኛ ቤት ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ወሎ ቤት ውስጥ ዕጣን ይጨሳል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል። የዓመታት ጭስ ቡፌው ላይ የማይታይ ቅባት ይሠራል። ቀለም የሚለቀው በዚህ ቅባት ምክንያት ነው። ስለዚህ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ በንጹሕ ውሃ ጥረጉት፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በ180 ወይም በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ብልጭታው እስኪጠፋ ብቻ ፈተግ አድርጉት። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጢን «ጋሼ፣ ሳልፋቅ ብቀባውስ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «የኔ ልጅ፣ ከሥር የላላ ካለ ከላይ ያደረግሽው ሁሉ አብሮት ይወርዳል» አሉኝ። ቀለም የቀባ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ብዙ ዕቃ ይተርፍ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ዕቃው ከድሮ ጀምሮ በዘይት ቀለም የተቀባ ከሆነ በደረቁ አትፈትጉት። የድሮ ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ዛሬ በሀገራችን ቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ አለ፤ የአያቶቻችን ሣጥን ግን ከደንቡ በፊት የተቀባ ነው። ውሃ እያርከፈከፋችሁ ፈትጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆቹን ከአካባቢው አርቁ፣ ዝቃጩን በጨርቅ ለቅማችሁ ጣሉት።

ሌላው ችግር ነጭ ቀለም ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ ነገር ከሥር መውጣቱ ነው። እንደ ጽድ ያለ ሙጫና ዘይት ያለው እንጨት ይህን ያደርጋል፤ ጥቁር ቫርኒሽ የነበረው ዕቃም እንደዚያው። ሦስተኛና አራተኛ ቀለም መደረብ አያቆመውም። የሚያቆመው በስፕሪት የሟሟ ሼላክ የሚባል ሙጫ ነው። አንድ ሁለቴ ቀብታችሁ ደርቆ ቀለሙን ከላይ አድርጉ።

ስለ አየሩም ልንገራችሁ፤ እዚህ ያለን ሰዎች ቪዲዮ አይተን እንደዚያው ስናደርግ የማይሳካልን ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማዋን ሲሸፍናት ቀለም ላዩ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ እርጥብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ካልቸገራችሁ አትጀምሩ። ከጀመራችሁ በአንደኛውና በሁለተኛው ቀለም መካከል አንድ ሌሊት ይደር፤ ቀኑን ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ሙቀት ተጠቀሙ። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ወርዳ ሞቃት ናት። እዚያ ችግሩ ተቃራኒው ነው፦ ቀለሙ ብሩሽ ላይ ሳለ ይደርቅና መስመር ይሠራል። ብሩሹን በውሃ ነከር አድርጋችሁ አራግፉት፣ ጥላ ውስጥ ቀቡ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ቾክ ፔይንት ብቻውን አይቆይም። ውሃ ይመጥጣል፣ ቆሻሻ ይይዛል። የሚያኖረው ከላይ የሚደረገው ነው፤ ሰም ወይም ቫርኒሽ።

ውጭ ሀገር የተዘጋጀ ሰም በቆርቆሮ ይሸጣል። እኛ ግን ማርና ጠጅ ያለበት ሀገር ነን፤ ሰፈፍ ገበያ ላይ አለ። ሰፈፉን ድስት ውስጥ ባለ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሌላ ዕቃ አቅልጡት እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት። በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ከእሳቱ ፈጽማችሁ ካራቃችሁት በኋላ፣ ውጭ ሆናችሁ፣ ለአንድ እጅ ሰም ሦስት እጅ ገደማ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ጨምራችሁ አማስሉት። አኳራጅ ተቀጣጣይ ስለሆነ ምድጃ አጠገብ በፍጹም! ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል። በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ትርፉን ጥረጉ፣ በማግስቱ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉት። ውበቱን ስታዩ ትወዱታላችሁ፤ እጅ ሲነካው ልስልስ ነው። በደንብ እስኪጠነክር ግን ወደ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ከባድ ነገር አታስቀምጡበት። ያልነጣ ሰም ነጭ ቀለምን ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ነጭ ላይ በውሃ የሚቀጥን ግልጽ ቫርኒሽ ተጠቀሙ።

ሰም ቡና ጠረጴዛ ላይ ለምን እንደማይሆን አሁን ግልጽ ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ከምድጃ የወረደ ጀበና ደግሞ የፈላ ውሃ ነው የያዘው። ጀበናው፣ ትኩስ ሲኒው፣ ፍም ያለበት ማጨሻው ሁሉም ክብ ምልክት ይተዋሉ። ረከቦትም በሰም አይጨረስም። አቦሉም ቶናውም በረካውም የሚቀርብበት ዕቃ ጠንካራ ቫርኒሽ ይገባዋል። ሌላም ነገር አለ፤ ቄጠማ። ለቡና የምንጎዘጉዘው እርጥብ ቄጠማ የቡፌውን እግር ያርሰዋል። ስለዚህ ዕቃው በሰም ቢጨረስ እንኳ የእግሮቹን ታች፣ ወለል የሚነካውን ጭምር፣ ገልብጣችሁ ቫርኒሽ ቀቡት። በቺፕውድ የተሠራ ከሆነማ ይህን ካላደረጋችሁ ያብጣል፤ ካበጠ መመለሻ የለውም።

አናጢ ቤት መቼ? ደሴም ኮምቦልቻም በኮምፕሬሰር የሚነፉ የፈርኒቸር ቤቶች አሉ። ምግብ ጠረጴዛ፣ ትልቅ ባለ ብዙ በር ቁም ሳጥን፣ ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር ከሆነ እነሱ ይሻላሉ። በብሩሽ የሚቀር መስመር የለም፣ የሚጨርሱበት ላከርም ውሃና ሙቀት ከሰም በተሻለ ይችላል። ቅሬታዬ ጥድፊያቸው ነው። አንድ ቤት የሰጠሁት ቁም ሳጥን ማጠፊያዎቹ ሳይነቀሉ ተነፍቶ መጣ፤ በሩ ሲከፈት ቀለሙ ተሰነጠቀ። ስለዚህ ዕቃውን ከማስረከባችሁ በፊት እጀታና ማጠፊያ እንደሚነቀል፣ አሮጌው ቀለም እንደሚፋቅ፣ ስቱኮው ስስ እንደሚሆን ተነጋገሩ። ማት ወይስ አንጸባራቂ እንደምትፈልጉም ንገሯቸው፤ ካልተናገራችሁ አንጸባራቂ ነው የሚያደርጉት። በትንሽ ጣውላ ላይ ናሙና ነፍተው እንዲያሳዩዋችሁ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ባለሙያ ደስ ብሎት ያሳያል።

ዘይት ቀለምን የናቃችሁት መሰለኝ። ለወጥ ቤት መደርደሪያና ለብረት አልጋ ከእሱ የሚሻል የለም። ሽታው ይከብዳል፣ ለመድረቅ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ ያብረቀርቃል፤ ግን ዘይትና ውኃ ይችላል፣ በየቀኑ ቢጠረግም አይለቅም። ብረት ከሆነ ዝገቱን አጽድታችሁ መጀመሪያ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡ። ቾክ ፔይንትም ብረት ላይ ይይዛል፣ ዝገት ካለ ግን ከሥሩ ይወጣል።

ዋንዛውን አልረሳሁትም። ወላጆቻችን ቤት ያሉት የዋንዛ ቡፌዎችና ወንበሮች ዛሬ ከፍላችሁም እንደ ልብ የማታገኙት እንጨት ናቸው። እሱን በነጭ ቀለም መሸፈን ያሳዝነኛል። ሲቆይ የሚያጠቁረው በአብዛኛው ጭሱና አሮጌው ቫርኒሽ ነው። አጥባችሁ፣ ቫርኒሹን ፈትጋችሁ፣ የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ አጠጡት፤ ያ ቀይ ቡናማው ደም ግባቱ ይመለሳል። ዘይቱ በደሴ ብርድ ለመድረቅ ቀናት ይወስዳል፤ ታገሡት። የተጠቀማችሁበትን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ዕቃችሁ ከምን እንደተሠራ ካላወቃችሁ መሳቢያውን አውጡና የተቆረጠውን ጠርዝ ከውስጥ በኩል እዩ። የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ጠርዙ የሚቀጥል ከሆነ ሙሉ እንጨት ነው። እንደ ተጨመቀ ሰጋቱራ ከታየ ቺፕውድ ነው። ስስ ወረቀት የመሰለ ልባጭ ከላይ ከተለጠፈ ብዙ አትፈትጉ፤ ይበሳል። አሁንም ከተጠራጠራችሁ የጠርዙን ፎቶ ላኩልኝ፣ አይቼ እነግራችኋለሁ።