የአንግር «ልዕልት ደ ብሮይ» ህትመት፦ ሰማያዊው ቀሚስ ለምን ሐምራዊ ሆነ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንግር እ.ኤ.አ. በ1853 የጨረሰውን የልዕልት ደ ብሮይ ምስል በ50 በ70 ሳ.ሜ. ካንቫስ አሳትሜ፣ ሰማያዊው የሳቲን ቀሚስ ወደ ሐምራዊ ሄዷል፤ ፊቷም ሻካራ ሆኗል። ፋይሉ ሥዕሉ ካለበት ከኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ድረ ገጽ የወረደ ነው። እንደገና ከማሳተሜ በፊት ምን ላስተካክል?

መልስ፦
ሁለቱ ችግሮች ምንጫቸው ለየቅል ነው። ፊቷን ያሻከረው ካንቫሱ ነው። አንግር የብሩሽ ዱካ እስኪጠፋ ድረስ ነው የሚያለሰልሰው፤ ፈረንሳውያኑ ሠዓሊዎች ካባኔልና ቡግሮም እንደዚያው። ጉንጯ ላይ ብርሃኑ ወደ ጥላ የሚያልፈው በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ የካንቫሱ ሽመና በየክሩ ጥላ እየጣለ ይሰባብረዋል። የብሩሽ ዱካው ጎልቶ ለሚታየው ለቫን ጎግ ካንቫስ ይሁን፤ ለዚህ ግን በካሬ ሜትር 300 ግራም ገደማ የሆነ ለስላሳ የጥጥ ወረቀት ይምረጡ። የሳቲኑ ነጸብራቅ ይበልጥ እንዲወጣ ከፈለጉ ባሪታ ወረቀት (ባሪየም ሰልፌት የተቀባ፣ የሚያንጸባርቅ የፎቶ ወረቀት) ይሻላል፤ ጥቁሩም ይጠልቃል።

ሐምራዊው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፋይሉ ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሥርዓት) ሲቀየር ነው። እዚያ ሰማያዊ የሚገኘው ሳያን (ውሃ ሰማያዊ) እና ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ) ተደራርበው ነው፤ ማጀንታው ትንሽ ካየለ አለቀ። ማሽኑ 8 ወይም ከዚያ በላይ ቀለም ያለው ኢንክጄት (ቀለም የሚረጭ ማተሚያ) ከሆነ ፋይሉን በአርጂቢ (ስክሪን በሚጠቀምበት የቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሥርዓት)፣ ቀለሞቹ እንዴት እንደሚነበቡ ከሚናገረው ፕሮፋይሉ ጋር ይላኩ። የወረቀቱን አይሲሲ ፕሮፋይል (ማሽኑ በዚያ ወረቀት ላይ ቀለምን እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጽ ፋይል) ከማተሚያ ቤቱ ተቀብለው በሶፍት ፕሩፍ፣ ማለትም ህትመቱን አስመስሎ በሚያሳይ የስክሪን ቅድመ እይታ ይዩት። ከዚያ ፊቷንና የቀሚሱን እጥፋት ብቻ በ10 በ15 ሳ.ሜ. ቁራጭ፣ በመጨረሻው ህትመት መጠን አሳትመው መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ያመሳክሩ።

ሌላ መልስ፦
ልኩም ትክክል አይደለም። ዋናው ሥዕል 121.3 በ90.8 ሳ.ሜ. ነው፤ ቁመቱ የወርዱ 1.34 እጥፍ ማለት ነው። 50 በ70 ደግሞ 1.4 ነው። ሙሉውን እንዲሞላ ከተደረገ ከወርዱ 2.4 ሳ.ሜ. ተቆርጧል፤ ካንቫሱ እንጨቱ ላይ ሲታጠፍም ሌላ ይበላል። ወይ 60 በ80 ያድርጉት፣ ወይ 50 በ66.8 አሳትመው ትርፉን ነጭ ይተዉት።

ፒክስሉንም ያስሉ። ቁመቱ 4000 ፒክስል የሆነ ፋይል በ200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 200 ነጥብ) የሚበቃው ለ51 ሳ.ሜ. ብቻ ነው፤ ለ80 ሳ.ሜ. 6300 ይፈልጋል። በሶፍትዌር ቢያሳድጉት ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ይችለዋል፤ ዳንቴሉና ዕንቁዎቿ ግን ይደበዝዛሉ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ህትመቱ ከስክሪኑ ይልቅ ጨልሟል፤ ፋይሉን ላብራው?

መልስ፦
ፋይሉን አይንኩት፣ የበዛው የስክሪኑ ብርሃን ነው። ወደ 100 ካንዴላ በካሬ ሜትር (የስክሪን ድምቀት አሃድ) ያውርዱት። የድምቀት መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ነጭ ወረቀት ስክሪኑ አጠገብ ይዘው፣ ሁለቱ ነጮች እስኪቀራረቡ ይቀንሱ።

ሌላ መልስ፦
ወረቀት ላይ ካሳተሙ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይደርቅ መስታወት ውስጥ አያስገቡት፤ ውስጡን ጉም ይይዘዋል። ህትመቱ መስታወቱን እንዳይነካ አሲድ የሌለው ፓስፓርቱ (በህትመቱና በመስታወቱ መካከል የሚገባ የካርቶን ክፈፍ) ያድርጉለት፤ ህትመቱም ከላይ በሁለት ቦታ ብቻ ይንጠልጠል። አራቱም ጎን ከተለጠፈ ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ሲለጠጥ መሄጃ አጥቶ ይሸበሸባል።