ሚር ቃሲም ቀረጡን ለሁሉም ሲያነሣ ኩባንያው ስለ ምን ተዋጋ?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በምሥራቅ ሕንድ ያለችውን የቤንጋልን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የቤንጋሉ ናዋብ (ገዥ) ሚር ቃሲም በ1763 የአገር ውስጥ ንግድ ቀረጥን ለአገሬው ነጋዴም ለእንግሊዙም በእኩል አነሣ። የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ቀድሞም ቀረጥ የማይከፍል ስለ ነበር በዚህ አዋጅ የሚያጣው ነገር ያለ አይመስልም፤ ገቢው የቀረበት ናዋቡ ራሱ ነው። ታዲያ ኩባንያውን በቤንጋል ያስተዳድር የነበረው የካልካታው ምክር ቤት አዋጁ ካልተሻረ ብሎ እስከ ጦርነት የደረሰው ስለ ምንድን ነው?

የመጀመሪያ መልስ
ኩባንያው በስሙ የሚያካሂደውን ንግድና ሠራተኞቹ ለግል ጥቅማቸው የሚያካሂዱትን ንግድ ለይተን ካላየን ነገሩ አይፈታም። የሕንዱ የሙጋል መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ፋሩክሲያር በ1717 ባወጣው ትእዛዝ ኩባንያው በዓመት 3,000 ሩፒ እየከፈለ ሸቀጡን ያለ ቀረጥ እንዲያዘዋውር ተፈቅዶለት ነበር፤ በየኬላው የሚታየውን የይለፍ ወረቀትም የሚሰጠው ኩባንያው ራሱ ነበር። ናዋብ ሲራጅ ኡድ ዳውላ በ1757 በፕላሲ ድል ከተነሣ በኋላ ግን የሚከለክላቸው ስላልነበረ ሠራተኞቹ በዚያው ወረቀት ጨውና ትምባሆ ለራሳቸው ይነግዱ፣ አልፎ ተርፎም ወረቀቱን ለአገሬው ነጋዴዎች ይሸጡ ጀመር። የትርፋቸው ምንጭ ሌላው ነጋዴ መክፈሉ ነበር፤ ሁሉም ነጻ ሲሆን ወረቀቱ ዋጋ አጣ። ስለዚህ ተጎጂው ኩባንያው ሳይሆን በምክር ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚፈርዱት ሰዎች ነበሩ፤ እኔን ከሁሉ የሚያስቆጣኝም ይህ ነው። የኩባንያው አገረ ገዥ ቫንሲታርት በ1762 መጨረሻ የናዋቡ መቀመጫ ወደ ነበረችው ሙንገር ድረስ ሄዶ የግል ነጋዴዎቹ 9 በመቶ እንዲከፍሉ ከናዋቡ ጋር ተስማምቶ ነበር፤ የምክር ቤቱ አባል ዋረን ሄስቲንግስም ደግፎታል። የቀሩት የምክር ቤት አባላት ግን ከጨው ላይ 2.5 በመቶ ብቻ እንጂ ሌላ አንከፍልም ብለው ስምምነቱን አፈረሱት።

ሁለተኛ መልስ
በዚህ ላይ የግፉን ነገር ልጨምር። ሚር ቃሲም ለኩባንያው በጻፈው አቤቱታ የእንግሊዞቹ ወኪሎች የገበሬውንና የነጋዴውን ዕቃ በዋጋው ሩብ በግድ እንደሚወስዱ፣ የአንድ ሩፒ ዕቃም በአምስት ሩፒ እንዲገዛ እንደሚያስገድዱት ገልጿል። በ1760 ሥልጣን ሲይዝ ቡርድዋንን፣ ሚድናፑርንና ቺታጎንግን ለኩባንያው አሳልፎ ስለ ሰጠ፣ በቀረው ግዛቱ ላይ እንኳ ሹማምንቱ ካልታዘዙለት ናዋብነቱ ስም ብቻ ሊሆን ነበር። መቀመጫውን ከሙርሺዳባድ ወደ ሙንገር ያዛወረው፣ ጠመንጃና መድፍም በዚያ ያሠራ የነበረው ከካልካታ ዓይን ለመራቅ ይመስለኛል።

ሦስተኛ መልስ
የተባለው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ሚር ቃሲምን የድኻ ጠበቃ አድርገን እንዳንስለው እፈራለሁ። ዙፋኑን ያገኘው አማቱ ሚር ጃፋር በኩባንያው ተገፍቶ ሲወርድ ነው፤ ለኩባንያው የገባውን ዕዳ ለመክፈልም የመሬት ግብሩን እጅግ አክብዶ ነበር። ጦርነቱ ሲከፋበት ታላላቆቹን የባንክ ባለጸጎች፣ የጃጋት ሴት ቤት አለቆችን አስገደለ፤ በጥቅምት 1763ም በፓትና የያዛቸውን የእንግሊዝ እስረኞች አስፈጀ። የቀረጡን መነሣት እኔ የማየው እንደ ርኅራኄ ሳይሆን ከእጁ የወጣውን ሥልጣን ለመመለስ እንደ ቀረው የመጨረሻ መሣሪያ ነው።

የጠያቂው ምላሽ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀረጡ ጉዳይ ራሱ በመጨረሻ እንዴት ተቋጨ?

የመጀመሪያው መላሽ
ኤሊስ የተባለው የኩባንያው ሹም በሰኔ 1763 ፓትናን በድንገት በመያዙ ጦርነቱ ተከፈተ። በሐምሌ ሚር ጃፋርን ወደ ዙፋኑ ሲመልሱት በውሉ ውስጥ ያስገቡት አንዱ ግዴታ የአገሬው ነጋዴ ዳግመኛ ቀረጥ እንዲከፍል ነበር። ሚር ቃሲም ከጎረቤቱ የአዋድ ግዛት ናዋብ ከሹጃ ኡድ ዳውላና ከሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ከሻህ ዓለም ጋር ቢተባበርም በጥቅምት 1764 ቡክሳር ላይ ተሸነፉ። በ1765 ሻህ ዓለም በዓመት 26 መቶ ሺህ ሩፒ ሊከፈለው የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ መብት ለኩባንያው ሰጠ። በዚያው ዓመት የኩባንያው አገረ ገዥ ክላይቭ የጨውና የትምባሆን ንግድ ለከፍተኛ ሠራተኞቹ ብቻ የሚያስከብር ማኅበር አቋቋመ፤ በለንደን ያሉት የኩባንያው ዲሬክተሮች ግን ተቃወሙት።