የሞዴል የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ቦይለር ስለ መለወጥ፦ የግፊት ሙከራ፣ አገጣጠምና የደሴ ከፍታ

ጥያቄ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። በ45 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄድ፣ በቡቴን ጋዝ የሚሠራ ሞዴል የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አለኝ። ከእኔ በፊት በያዙት ሰዎች እጅ ሳለ ውኃው አልቆ እሳቱ ሳይጠፋ በመቆየቱ የቦይለሩ (ውኃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ዕቃ) ብየዳ ተጎድቷል፤ በሾፌሩ ክፍል በኩልም እንፋሎት ያፈሳል። አሁን በብር ብየዳ የተሠራ፣ 200 ሚሊሜትር የሚረዝምና 3 ባር የሥራ ግፊት የተጻፈበት አዲስ የመዳብ ቦይለር ከውጭ ደርሶኛል። አሮጌው ከፊት በብሎን ታስሮ ከኋላ ግን በቀጭን ማቀፊያ ብቻ ተይዞ ስለነበር፣ አዲሱን ሁለቱንም ጫፍ በብሎን ላጠብቀው አስቤአለሁ። ግፊቱን ለመፈተሽ ደግሞ አንድ ወዳጄ ጎሚስታ ቤት ወስደን በኮምፕሬሰር አየር እንሙላው ይለኛል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ተከፍቶ እንፋሎት የሚያስወጣው) እንደገና መስተካከል ይኖርበት እንደሆነም የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፣ የቶርኖ ቤት ባለሙያ

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት ወደ ጎሚስታ ቤት እንዳይወስዱት ነው። የታመቀ አየር በውስጡ ብዙ ጉልበት ስለሚይዝ ብየዳው ቢከፈት ብረቱን ፈንቅሎ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ውኃ ግን እምብዛም ስለማይታመቅ ቢያፈስ እንኳ ጥቂት ጠብታ ይወጣና ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ ሴፍቲ ቫልቩን ፈትተው ቀዳዳውን በብሎንና በመዳብ ሮንዴላ ይድፈኑ፤ ቦይለሩን እስከ አፉ በቀዝቃዛ ውኃ ይሙሉ፤ ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉም የቀረውን አየር ሁሉ ያስወጡ። ከዚያ በእጅ ፓምፕ ቀስ እያሉ እስከ 6 ባር፣ ማለትም እስከ ሥራ ግፊቱ እጥፍ ያድርሱት። ሠሪው ፈትኖት ቢሆን እንኳ መንገድ ላይ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሻሲው ላይ ሳይወጣ በራስ ዓይን ማየት ይሻላል። ጌጁ ሳይወርድ ከቆየ፣ ብየዳዎቹም ዙሪያቸውን ደረቅ ከሆኑ፣ ጠፍጣፋዎቹ ጫፎች አብጠው እንደሆነ ማስመሪያ አስደግፈው ይመልከቱ፤ ያበጠ ጫፍ ካገኙ ባያፈስም እንኳ እንዳይገጥሙት።

ሁለቱን ጫፍ በብሎን ማሰሩን ግን ይተዉት። 3 ባር ላይ ውኃው 142 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ 200 ሚሊሜትር መዳብ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ እዚያ ሲደርስ 0.4 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሻሲው ግን ያን ያህል ስለማይሞቅ አብሮት አይረዝምም። መሄጃ ያጣው ቦይለር ወይ ሻሲውን ያጎብጣል፣ ወይ የእንፋሎት ቱቦውን መጋጠሚያ ይጎትታል። የኋላው ማቀፊያ የተሠራው ቦይለሩ በውስጡ እንዲንሸራተት ታስቦ ነው። ፊቱን አጥብቀው፣ ኋላውን በወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዉለት።

መልስ፣ ከወልዲያ፣ የፊዚክስ መምህር

ስለ ከፍታው የጠየቁት ጥሩ ጥያቄ ነው። ሴፍቲ ቫልቩን አይንኩት። ስፕሪንጉ የሚገፋው በውስጡና በውጭው ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ የቦይለሩን መዳብ የሚወጥረውም ያው ልዩነት ስለሆነ፣ በ3 ባር እንዲከፈት የተስተካከለ ቫልቭ ደሴም ላይ ሆነ ጅቡቲ ወደብ ላይ በ3 ባር ይከፈታል። ከፍታው የሚነካው በርነሩን፣ ማለትም ጋዙ የሚነድበትን ክፍል ነው። በደሴ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል የሳሳ ሲሆን፣ ከኖዝሉ የሚወጣው ጋዝ ግን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ እሳቱ ስለዚህ አየር ያጥረዋል። ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ፣ በጭስ ማውጫውም በኩል ብቅ ካለ፣ የጋዙን ቫልቭ ይቀንሱ፤ የአየር ቀዳዳዎቹን በደንብ ይክፈቱ፤ ካልበቃም አንድ ደረጃ ጠበብ ያለ ኖዝል ይፈልጉ። በሚገባ ያልነደደ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ፣ ይህን ማስተካከል በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ እንጂ ቤት ውስጥ አይሥሩት።

ጠያቂው፣ ከደሴ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሙከራው የእጅ ፓምፕ ስላጣሁ የናፍጣ ኖዝል መፈተሻ ካለው ፖምፒስታ (የናፍጣ ፓምፕ ጠጋኝ) ዘንድ ልሂድ ወይ? ለዘወትር አገልግሎትስ የትኛው ውኃ ይሻላል?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፣ የቶርኖ ቤት ባለሙያ

የፖምፒስታው መፈተሻ ለብዙ መቶ ባር የተሠራ ስለሆነ 6 ባር በጌጁ ላይ አይለይም፤ አንድ ጊዜ ሲጫኑትም ከልክ በላይ ሊዘል ይችላል። በዚያ ላይ ናፍጣው ቦይለሩ ውስጥ ከቀረ ውኃው አረፋ እየሠራ ወደ ሲሊንደሩ ይሻገራል። ይልቅስ የሕንፃ ቧንቧ ሠራተኞች መስመር የሚፈትሹበትን የእጅ ፓምፕ ይዋሱ፤ የሚሠራው በውኃ ነው፤ እርስዎ የሚያስፈልግዎት እስከ 10 ባር የሚያነብ ጌጅ መጨመር ብቻ ነው። መጋጠሚያውን ከቸገረዎት ቦይለሩን ይዘው ብቅ ይበሉ፣ ጥርሱን ለክቼ እቆርጥልዎታለሁ።

ለዘወትር አገልግሎት በክረምት ከንጹሕ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ተጣርቶ ቢሞላ ደለል አይተውም። ለባትሪ የሚሸጠውን ከመረጡ ግን አሲድ የሌለበት መሆኑን ሳያረጋግጡ አንዲት ጠብታ እንዳያስገቡ፤ አሲድ መዳቡንም ብየዳውንም ይበላል። ሲሞሉም እስከ አፉ ሳይሆን ከላይ ለእንፋሎት የሚሆን ባዶ ቦታ ይተዉ፤ ጋዙንም ውኃው ከማለቁ በፊት እንዲያልቅ ለክተው ይሙሉ።